የኢንተርኔቱ ቤት ሦስት ቁልፎች

ጥቅምት 4፣ ቅዳሜ

ገበያ ወጣሁ። ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ ክብሪት። የሽንኩርቱ ግማሽ በስብሷል... ከላይ ከላይ ያለውን ብቻ አይቼ። እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና ዘንቢሉን በዓይኗ በርብራ ጨረሰችው። ማን እንደሸጠልኝ ጠየቀችኝ። ስነግራት ሳቀች፤ የሴትዮዋ እናትም እንዲሁ ነበረች አለችና እስከ አያቷ ድረስ ወረደች። ሰኔ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ የዚህን ቤት ደጃፍ አልፋ አታውቅም። ከተማው ውስጥ የሆነውን ግን ከእኔ ቀድማ ትሰማለች። ወሬ ጽፌ የምኖረው እኔ ነኝ ወይስ እሷ?

ምርኩዙ አሁንም ጥግ ላይ ቆሟል። ሐኪሙ ትነሣ፣ ትራመድ ካለ ቆየ። እሷ ነገ ትላለች። እኔ ፎጣ አሰጣበታለሁ።

ማታ ባዘዘው ፍላሹን መለሰልኝ። ባዘዘው የሚኒባሱ ረዳት ነው። የመጽሔት አምዴን በፍላሽ ይዞልኝ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል፤ እዚያ ሙጃሂድ የሚባል ኢንተርኔት ቤት ያለው ሰው ወደ አዲስ አበባ ይልክልኛል። መንገዴ ይኸው ነው። ዛሬ ፍላሹን ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት፤ ጽሑፌ የለም። የማላውቀው ሰው ሠርግ ተገልብጦበታል። ተናደድኩ... ሠርጉን ግን እስከ መጨረሻ አየሁት። የሚዜዎቹ ልብስ ያሳፍራል።

ጋሽ አበረ ደወሉ። የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ። የዚህ ሳምንት ጽሑፍ ስላልደረሳቸው ያለፈ ዓመቱን አንዱን ደግመው አትመውታል። አንባቢ ነቅቷል አሉኝ። ሁልጊዜ ትሕትናዬ ነበር የሚሉኝ። ዛሬ ትሕትና ብቻ።

ጥቅምት 9፣ ሐሙስ

ሬዲዮኑ ጠዋት ስለ አዋጁ ሲያወራ አረፈደ። ፈጣን ኢንተርኔት ወዳልደረሰባቸው አካባቢዎች ሁሉ ይገባል፤ በየቀበሌው ሕዝብ የሚገለገልበት ማዕከል ይከፈታል። እማዬ ድምፁን ቀንሺው አለችኝ። አልቀነስኩም። ይህ አዋጅ የወጣው ለእኔ ነው እኮ!

እውነቴን ነው። ሰኔ ላይ ከአዲስ አበባ ስመጣ ለጋሽ አበረ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ኢንተርኔቱ እስኪገባ ብቻ ይታገሡኝ፣ ከዚያ እዚሁ ሆኜ በየሳምንቱ እልካለሁ። ቃል ገብቻለሁ። እማዬ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። እኔ ደግሞ ከአምዱ ሌላ እንጀራ የለኝም። አምዱ ከቀረ እዚህ በምን እንኖራለን? አዲስ አበባ ከተመለስኩ እሷን ማን ያገላብጣታል? አብረሽኝ ነይ ብያት ነበር። አንዴ ብቻ ነው ያልኳት። ያየችኝ አስተያየት ይበቃኛል።

የኬብሉ ቦይ ከደብረ ወርቅ በኩል ተቆፍሮ ደርሷል። ከሰዓት ሄጄ አየሁት። ብርቱካናማ ቱቦ... እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። ቆፋሪዎቹ ምን ሆና ነው ብለው ሲያዩኝ ነበር።

ጥቅምት 21፣ ማክሰኞ

ተመረቀ!

ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጎን ያለችው ክፍል ናት። ኮምፒውተሮች በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው ተደርድረዋል፣ ለቁርባን የቀረቡ ይመስላሉ። ከላይ የመጣው እንግዳ አዋጁን እያነበበ አስረዳ። ብዙው አልገባኝም። አንዱ ግን ሁላችንንም ገባን፦ ንብረቱን የሚጠብቀው ማኅበረሰቡ ነው።

ቄስ ገብረ ኪዳን ተነሡ። የደብሩ ቄሰ ገበዝ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት በእጃቸው ነው። ማኅበረሰቡ ማለት ማን ነው ብለው ጠየቁ። እንግዳው ሁላችሁም ናችሁ አለ። አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሁሉም የሆነ ነገር የማንም አይደለም፣ እኛ ግን ደንብ አለን አሉና ደንቡን ዘረዘሩት። ዕቃ ቤት በሦስት ጓጉንቸር ይቆለፋል። ሦስቱን ቁልፍ የማይዛመዱ ሦስት ሰዎች ይይዛሉ። ሦስቱ ካልተገኙ አይከፈትም። ከተከፈተም ሦስቱም እስኪዘጋ አይነሡም። ከቤቱ የሚወጣ ነገር ቢኖር ሦስቱም ሳያዩት አይወጣም። አንዱ ሩቅ አገር ከሄደ ወኪል አድርጎ ይሄዳል። በዚህ ደንብ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ አንዲት ጧፍ ጠፍታ አታውቅም አሉ።

ሕዝቡ አጨበጨበ። እንግዳውም አጨበጨበ። እኔም... እጄን ምን ነካው?

አንዱን ቁልፍ አባ ወሰዱ። አንዱን የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው አቶ አብዱልቃኒ፣ በታማኝነቱ ሁሉም የሚምልበት ነው። ሦስተኛውን የቀበሌው ሊቀመንበር ምናለ። ጓጉንቸሮቹ የወህኒ ቤት ጓጉንቸር ያካክላሉ። ለእማዬ ስነግራት ጥሩ ነው አለች። ሟቹ አባቴ አንድ ጊዜ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይዞ እንደነበር አስታወሰችኝ። ተነሥቶ ወደ ጠላ ቤት እንኳ አይሄድም ነበር አለች።

ጥቅምት 22፣ ረቡዕ

ነገ ከዚያው እልካለሁ። ጋሽ አበረን ደውዬ አበሠርኳቸው። ትሕትናዬ አሉኝ!

ጥቅምት 26፣ እሑድ

አልላክሁም።

ሐሙስ፦ አባ አሉ፣ አቶ አብዱልቃኒ አለ። ምናለ ስብሰባ ላይ ነው። የት? ደብረ ወርቅ። ስለምን? ስለ ኢንተርኔት አጠቃቀም።

ዓርብ፦ ምናለ መጣ። አባ ቀብር ላይ ናቸው። ከቀብር ሲመለሱ አቶ አብዱልቃኒ ለጁምዓ ሄዷል። እሱ ሲመጣ ምናለ ምሳ ሄዷል። ምናለ ከምሳ ሲመለስ አባ ለሠርክ ጸሎት...

ቅዳሜ፦ ገበያ። አቶ አብዱልቃኒን ከሱቁ ማን ያንቀሳቅሰዋል? ሚስቱን ፋኢዛን ለመንኳት። ቁልፉን ይስጥሽና አንቺ ነይ አልኳት። ፋኢዛ ሳቀችብኝ። «ለኔ? እኔን እኮ የሱቁን መሳቢያ እንኳ አያስነካኝም። ያንን ቁልፍ አንገቱ ላይ አስሮ ነው የሚተኛ። ትናንት ሲገላበጥ ጥርሴን መታኝ።»

በመስኮቱ አጮልቄ አየሁ። አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። በርቷል ማለት ነው። እየሠራ ነው። አዋጁ ወጥቷል፣ ኬብሉ ገብቷል፣ እኔ ብቻ መግባት አቃተኝ።

አምዴን ለባዘዘው ሰጠሁት። በሠርጉ ፍላሽ።

ኅዳር 5፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሦስቱም ተገናኙ። ተአምር ነው። ባዘዘው ጭምር ሊያይ መጣ።

ጓጉንቸሮቹ ተከፈቱ። ገባሁ። ጨርቁን ገለጥኩ። ኢንተርኔቱ... ምን ልበል? ጣቴን ሳላነሳ ይከፍታል። መጽሔቱ ቢሮ ውስጥ ያለው የእኛው ከዚህ አጠገብ ኤሊ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጽሑፌን አያይዤ ልልክ ስል ከኋላዬ ድምፅ መጣ። «ቆይ ልጄ፣ የሚወጣ ነገር ሳይታይ አይወጣም።» አባ ናቸው።

ሦስቱም ወንበራቸውን ስበው ከኋላዬ ተደርድረዋል። ለካ ደንቡ ይህንንም ይጨምራል! ደብዳቤ እኮ ነው፣ ዕቃ አይደለም ብል... አባ ከቤቱ ይወጣል ወይስ አይወጣም ብለው ጠየቁኝ። ይወጣል። እንግዲያው ይታያል።

ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስለ ገበያችን ነው፤ አንዳንድ ሰው በስሙ ሳይሆን በጠባዩ አለበት። አቶ አብዱልቃኒ ሜትሩ የሚያጥርበት ነጋዴ ማን እንደሆነ ሊነገረው ፈለገ። ምናለ የመንገዱን ጭቃ የሚያነሣው አንቀጽ ይውጣ አለ፤ ጭቃው በዕቅድ ተይዟል። አባ ደግሞ ተስማምተው ሳለ አንዷን የግእዝ ቃል ያዙ። እንደዚህ አይባልም አሉ። ይባላል አልኩ። ወይኔ! ምን አፌን አስከፈተኝ? እስከ ዳዊት ሄዱብኝ። በዚያ መሀል መብራት ጠፋ።

አልተላከም።

ሦስቱም በሥርዓት ጓጉንቸራቸውን ቆለፉና፣ ደህና ሥራ ሠራን እንደማለት እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ሄዱ።

ኅዳር 14፣ ሐሙስ

ጋሽ አበረ ደወሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ሲቆጡ ይሻሉኝ ነበር። ያለፈው ጽሑፍ በሙጃሂድ በኩል ደርሷል፣ ግን ቫይረስ በልቶት ግማሹ አራት ማዕዘን ብቻ ነው። ገጹን አንዲት አዲስ ልጅ እየሞላችላቸው ነው። ጎበዝ ናት አሉ። ጎበዝ! «እስከ ረቡዕ ማታ ጽሑፍሽ ደህና ሆኖ ካልደረሰኝ ገጹን ለእሷ እሰጣለሁ። ወይም አንቺ ራስሽ ነይ፤ ወንበርሽ አለ። እኔ ሁለቱንም አልጠላም።»

ለእማዬ ነገርኳት። ነገ እንነጋገር አለች።

ኅዳር 17፣ እሑድ

እማዬን ሲጠይቋት የዋሉት ሰዎች ብዛት! ያለ በዓል፣ ያለ ምክንያት።

ጠዋት አባ መጡ። ዲማ ያሉት የቅኔ መምህራቸው ታመውባቸው ሊያዩ ሊሄዱ ነው። ለጽዮን እመለሳለሁ አሉ። የእማዬ የነፍስ አባት ስለሆኑ ወጣሁላቸው። በር ገፋ አድርጊው አሉኝ። ገፋሁ።

ፀሐዩ ሞቅ ሲል አቶ አብዱልቃኒ ስኳር ይዞ መጣ። ወደ ደጀን ሊሻገር ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሸቀጡን የጫነ መኪና እዚያ ተበላሽቶበታል። እሱም እታለምን፣ እማዬን መሆኑ ነው፣ ለብቻዋ ላናግራት አለኝ። እሱ ደግሞ ምን ንስሐ አለው?

ወደ ማታ ምናለ። ደብረ ማርቆስ ለሥልጠና ተጠርቷል። «እስቲ ውኃ አምጪልኝ» አለ። አመጣሁለት። «እስቲ ቀዝቀዝ ያለ» አለ። ገባኝ፣ ወጣሁ።

ምን እየተባለ ነው? በእኔ ነው የሚሆነው። ስለ ጻፍኩት ነገር ይሆን? በሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ... በዚህ ዕድሜዬ። የሰማሁት የምናለን አንዲት ነገር ብቻ ነው፦ «ለልጅሽ ደግሞ አደራ። ነገ መጽሔት ላይ ነው የምናገኘው።» እማዬን ጠየቅኳት። አደራ ነው፣ አልናገርም አለች። ስለ እኔ ነው ወይ? አይደለም። መሐላ አስምለውሻል? ምያለሁ፣ አሁን ተይኝ አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በዚህ ቤት ውስጥ ከእኔ የተደበቀ ወሬ አለ። እንቅልፍ ይወስደኛል?

ግን ዋናው ይህ አይደለም። ሦስቱም የሉም። ረቡዕ ደግሞ ደርሷል። አለቀ።

ኅዳር 18፣ ሰኞ

ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። አመተ ሥላሴን፣ የአክስቴን ልጅ፣ እማዬን እንድትይዝልኝ ለመንኳት። እሺ አለች፤ ግን ልጆቿ አሉ፣ ከብቶቿ አሉ... ማታ ማታ ብቻ ነው የምትመጣ። ቀኑን ማን? ሐሙስ ጠዋት እሄዳለሁ። እማዬ ፍራሹ ጎኔን ይቆረቁረኛል አለች፤ ላራግፈው ብዬ ስነሣ ግን አትንኪ ብላ ጮኸችብኝ፣ ሰው እንዴት እንዲህ ያደርቃል?

የመጨረሻዬን ከዚህ ጻፍኩ። ስለ ሦስቱ ጓጉንቸሮች። እያሳቀኝ ጀመርኩት። መጨረሻው ላይ ስለ እማዬ ሆነ። «ከዚህ አልጋ ዳግመኛ የምትነሣ አይመስለኝም፤ እኔም ትቻት እሄዳለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ስጽፈው አለቀስኩ። እማዬ ምን ሆንሽ አለችኝ። ጉንፋን አልኳት። በእጄ ይዤው እሄዳለሁ እንግዲህ፣ በምን ልላከው?

ኅዳር 20፣ ረቡዕ

ከየት ልጀምር?

ጠዋት ሻንጣዬን እየዘጋሁ ነበር። እማዬ ስታየኝ ቆየች።

«ትሕትና፣ ፍራሹ ጎኔን ቆረቆረኝ።»

«አትንኪ ብለሽኝ የለም?»

«አሁን ንኪው።»

ገለበጥኳት፣ ደግፌ ትራሱ ላይ አስደገፍኳትና የፍራሹን ጥግ አነሣሁ። ቁልፍ። ከጎኑ በጨርቅ የተቋጠረ ሌላ ቁልፍ። ከግርጌ በኩል ደግሞ ክሩ እንዳለ፣ አንገት ላይ ይታሰር የነበረው...

እዚያው ተቀመጥኩ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ እንጃ። ሦስቱም! ሦስቱም በየፊናቸው ወኪል ሲፈልጉ ከቤቷ የማትወጣ፣ ከሦስቱም የማትዛመድ፣ ምስጢር የምትይዝ ሰው አሰቡና... ሦስቱም ወደ እሷ መጡ። አንዱ የአንዱን አያውቅም። ሁሉም ለማንም እንዳትነግር አስማሏት። በተለይ ለእኔ። እኔ አለቀ ብዬ ሻንጣ ስከትት ቁልፎቹ እማዬ ሥር ተኝተዋል!

«እማዬ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ እያየሽኝ?»

«ምያለሁ። ሦስቴ ነው የማልኩ። አሁንስ ነገርኩሽ? እኔ ምን አልኩ? ፍራሹ ቆረቆረኝ ነው ያልኩ።»

ቁልፎቹን አንሥቼ ወደ በሩ ሮጥኩ። ጠራችኝ። እንደ ልጅነቴ በሙሉ ስሜ። ቁልፉ ለእሷ የተሰጠ አደራ ነው፣ ለእኔ የሰጠኝ የለም። እኔ ከፈትኩት ማለት ስርቆት ነው። ወኪሏ እሷ ናት፤ የምትከፍተውም እሷ ናት።

«ታዲያ እንዴት አድርገሽ?»

«ውሰጂኛ!»

ቃሬዛ ላመጣ ስል በቃሬዛ ሞቼ ነው የምወጣ አለች። በወንበር ሆነ። ባዘዘው በአንድ በኩል፣ ፋኢዛ በአንድ በኩል፣ እኔ ከኋላ። ፋኢዛ ቁልፉን ስታየው አወቀችው፤ ጥርሷን ነካ አደረገች። መንገዱ ላይ ሰው ሥራውን ትቶ ቆመ። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ግራና ቀኝ ሰላምታ ትሰጣለች። ጭቃው ሳሳ ሲል አቁሙ ትላለች፣ የሰውን አዲስ አጥር ታያለች፣ ትተቻለች፣ ቀጥሉ ትላለች። ከሰኔ ጀምሮ በወሬ ብቻ ያየችውን ከተማ ልክ መሆኑን እያረጋገጠች ነው።

ሦስቱን ጓጉንቸር በገዛ እጇ ከፈተች። በሩ አጠገብ አስቀመጥናት። ኮምፒውተሩን አስነሣሁ። መብራት አለ። ልልክ ስል...

«ሳይታይ አይወጣም። አንብቢልኝ።»

እማዬ ማንበብ አትችልም። እኔ የምጽፈውን በሰው አፍ ነው የምትሰማው። ስለ እሷ ምን እንደምጽፍ ደግሞ ማንም አልነገራትም፣ ፈርተውኝ ይሁን ፈርተዋት። አነበብኩ። በጓጉንቸሮቹ ሳቀች። በምናለ ስብሰባ ከወንበሯ ልትወድቅ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ደረስኩ። ልዘለው ነበር። ታውቀኛለች፣ ድምፄ ሲቀየር ታውቀኛለች። የተጻፈውን አንብቢው አለች። «ከዚህ አልጋ ዳግመኛ የምትነሣ አይመስለኝም...»

«ይህን አውጪው።»

«እማዬ፣ ጽሑፍ ነው እኮ። ሰው የሚሰማው...»

«አሁን የት ነው ያለሁ?»

አጠፋሁት። እያየችኝ አጠፋሁት፤ ጠፋ ወይ አለችኝ፤ ጠፋ አልኳት። ላክሁት። ብዙም ሳይቆይ ጋሽ አበረ ደወሉ። ደርሷቸዋል። አራት ማዕዘን የለም፣ ሠርግ የለም። አዲሷን ልጅ ሌላ ገጽ እሰጣታለሁ አሉ።

ያኔ ነው ሚኒባሱ የደረሰው። ምናለና አቶ አብዱልቃኒ አብረው ወረዱ፤ በሩ ክፍት መሆኑን አይተው አብረው ሮጡ። ምናለ ማን ከፈተው እያለ ገባ። እማዬን አያት። ቀለሙ ተለወጠ። ከዚያ ወደ ሁለቱ ሌሎች ጓጉንቸሮች ዞረ፣ ከዚያ ወደ አቶ አብዱልቃኒ። አቶ አብዱልቃኒ ደግሞ አንገቱን ይዳብሳል። አባ ከዲማ ሲገቡ ሕዝብ ተሰብስቦ አይተው፣ ማን ሞተ እያሉ በምርኩዛቸው መንገድ እያስለቀቁ መጡ። ሦስቱም ቆሙ። ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ። ማን ማንን ይቆጣል?

እማዬ ተቀመጡ አለቻቸው። ተቀመጡ።

«ቁልፍ ያዥ ሲርቅ ወኪል ያደርጋል። የእናንተው ደንብ ነው። ይኸው ሦስታችሁም አድርጋችኋል፤ ወኪላችሁም ይቺው ተቀምጣለች።»

«ወለተ ሰንበት» አሉ አባ በክርስትና ስሟ፣ ቀስ ብለው፣ «ሦስት ቁልፍ ያልነው እኮ በሦስት ሰው እጅ እንዲሆን ነው።»

«አባ ይፍቱኝ፣ አንድ አልጋ ሥር ያከማቻችሁት እናንተ ናችሁ። እኔስ ጎኔ ነው የቆሰለ።»

መጀመሪያ የሳቁት አባ ናቸው። ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚነቃነቅ። አቶ አብዱልቃኒ ተከተለ። ምናለ ይህ ለበላይ አካል ሪፖርት የሚደረግ ነገር ነው አለ... ትንሽ ቆይቶ ግን ምን ብዬ ነው የምጽፈው አለና እሱም ሳቀ። እማዬ ቁልፎቹን ዘረጋችላቸው። ውሰዱ፣ አደራዬን ጨርሻለሁ። ማንም እጁን አልዘረጋም። አቶ አብዱልቃኒ፣ «እታለም፣ አንቺው ጋ ይሁን» አለ።

ሻንጣዬን አልፈታሁትም ገና። ነገ እፈታዋለሁ።

ጥር 2፣ ረቡዕ

ተናድጃለሁ። በጣም ተናድጃለሁ።

ዛሬ ማዕከሉ ደጅ ላይ ተሰልፌ ዋልኩ። እኔ! እማዬ በሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ምርኩዟ ግድግዳውን ተደግፏል። ከቤት እስከዚያ ራሷ ነው የምትሄድ፣ እያረፈች እያረፈች፣ የምታርፍበት ቤት ሁሉ ወሬ እየጫነች። ቁልፎቹ መቀነቷ ላይ ናቸው። ከእኔ በፊት ተማሪዎች ተሰልፈው ነበር፣ ከእነሱ በፊት የአቶ አብዱልቃኒ የዋጋ ጥያቄ፣ ከእሱም በፊት ለመምህራቸው ደቀ መዝሙር የሚጻፍ የአባ መልእክት። አባ ግእዙን ሲያስተካክሉ ሰዓቱ ሄደ። እማዬ፣ ልጅሽ እኮ ነኝ፣ አሳልፊኝ አልኳት በጆሮዋ። ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ መለሰችልኝ፦ ስለዚህ ነው ኋላ የምትሆኚ።

የሚወጣውን ሁሉ አሁንም ታስነብባለች። የፍቅር ደብዳቤ የሚልክ ሰው ሁሉ ተራው ሲደርስ ፊቱ ይቀላል። የከተማው ወሬ ሁሉ በእሷ በኩል ነው የሚያልፍ። እኔ ምኑን እጽፈዋለሁ? እማዬ፣ ትንሽ ንገሪኝ እላታለሁ ማታ። አደራ ነው ትለኛለች።

ፎጣዬን የማሰጣበት አጣሁ ደግሞ።

ጋሽ አበረ ምሳ ሰዓት ደውለው ነበር። ጽሑፉ በሰዓቱ ይደርሳል፣ ጥሩ ነው፣ ግን አንባቢዎች እየጠየቁ ነው አሉ። አልጋ ላይ የነበሩት እናትሽ ከአምድሽ ከጠፉ ቆዩ፣ ሰዉ ክፉ ነገር ደርሶባቸው ይሆን እያለ ነው። ማታ እግሯን እያሸሁ ነገርኳት። ምን ብዬ ልጻፍ አልኳት።

«ሥራ ላይ ናት በያቸው።»